«ጣፋጭ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በየጠረጴዛው ስምንት ስምንት ሰው ተቀምጧል። መሃል ላይ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት የወይን ጠርሙሶች አሉ። በየሰዉ ፊት ስድስት ብርጭቆ፣ ውስጡን የማያሳይ የወረቀት ኩባያ፣ አንድ ቅጽና እስክሪብቶ ታገኛላችሁ። ዳቦና ውሃ ቀርቧል። ጥብስ አልቀረበም፣ ሚጥሚጣ የለም፣ ቡናውም ገና አልተጣደም። ስስት እንዳይመስላችሁ፤ እራቱ ከቅምሻው በኋላ ይመጣል።

ወይን አብሮ መጠጣትን ማንም ሊያስተምረን አይችልም፣ እናውቅበታለን። አብሮ ቀምሶ ማወዳደር ግን ሌላ ነገር ነው። ወዳጆች ጠርሙስ ሲከፍቱ የሚሆነውን አስቡት። አንዱ ብርጭቆውን ከከንፈሩ ሳያላቅቅ «ኧረ ይሄ አንደኛ ነው!» ይላል። ቀጥላ ያለችው «ጣፋጭ ነው» ትላለች። ሦስተኛው «ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ» ብሎ ይጨምራል። የቀሩት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጨዋታው ወደ ቤት ኪራይ ይዞራል። በማግስቱ «የትኛው በለጠ? በምን በለጠ?» ቢባል የሚመልስ የለም። ብሩ ወጥቷል፣ ጠርሙሱ አልቋል፣ የተያዘ ነገር ግን የለም።

ይህ የሚሆነው መቅመስ ስለማንችል አይደለም። ወጥ ውስጥ የገባው ኮረሪማ ይሁን ጥቁር አዝሙድ ከበር ላይ የሚለይ አፍንጫ ወይን ላይ ሲደርስ አይደነዝዝም። ነገሩ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንድ ቃል ይዘን ሦስት ነገር እንላለን፤ ደግሞም የራሳችንን ሳንይዝ የሌላውን እንሰማለን።

ከቃሉ እንጀምር። «ጣፋጭ» በአማርኛ ስኳር ያለው ነገር ነው። የተዋጣለት ወጥም ይጣፍጣል፣ ውስጡ ግን አንድ ቅንጣት ስኳር የለም። ስለዚህ አንዷ ስለ ስኳሩ፣ ሌላው ስለ ደስታው እያወሩ ሁለቱም «ጣፋጭ ነው» ይሉና የተስማሙ ይመስላቸዋል። ዛሬ ማታ ይህን ቃል ከጠረጴዛው እናነሳዋለን። ስኳር ከተሰማችሁ «ስኳር አለው» በሉ፤ ከወደዳችሁት «ወደድኩት» በሉ።

«ደረቅ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጠጅ ቤት ገብቶ «ደረቅ» ያዘዘ ሰው የሚጠብቀው ብርቱ፣ ማሩ ተብላልቶ ያለቀና ጌሾው የሚሰማ ጠጅ ነው። ወይን ላይ ግን ደረቅ ማለት ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ አልቋል ማለት ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት መሠረታዊ መለኪያ በሊትር ከ4 ግራም የማይበልጥ ስኳር የቀረው ወይን ደረቅ ይባላል፤ አሲዱ ከፍ ካለ ወሰኑ ትንሽ ይሰፋል። ስለ ብርታቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ 11 በመቶ አልኮል ያለውም 14.5 በመቶ ያለውም እኩል ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ላይ ሦስተኛ ስሜት ይደረባል፤ አፍ የሚያደርቅ ወይን። እሱ ታኒን ነው። ከወይኑ ልጣጭ፣ ከፍሬውና ከበርሜሉ እንጨት ይመጣል፣ ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ልስላሴውን ይወስድበታል። ያልበሰለ ሙዝ ወይም ቅጠሉ ሳይወጣለት የቆየ ሻይ አፍን እንደሚይዘው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ምላሳችሁን በላይኛው ድዳችሁ ላይ አሹት። ከሻከረ ታኒን አለ። በሞላ ስኳር የታጀበ ታኒንም ስላለ፣ አንድ ወይን አፍ እያደረቀ «ደረቅ» ላይሆን ይችላል።

«ይከብዳል» የሚለውን ሲናገር የሰማችሁትን ሰው «የቱ ጋ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጉሮሮው ላይ ሞቅ ካደረገው አልኮሉ ነው። ወተት ከውሃ እንደሚወፍረው አፉ ላይ ከወፈረበት ውፍረቱ ነው። ድዱን ከያዘው ታኒኑ ነው። «ኮምጣጣ»ም እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ኮመጠጠ ማለት ተበላሸ ማለት ስለሆነ ቃሉ ቅሬታ ያዘለ ነው፤ ወይን ግን ያለ አሲድ ልፍስፍስ ነው። ስለዚህ እንለየው። አፍ ውስጥ ምራቅ የሚያስመነጭ ከሆነ አሲድ ነው። አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ኮምጣጤ ነው፣ እሱ ጉድለት ነው።

በቅጹ ላይ ከ0 እስከ 5 የሚሞሉ አምስት መስመሮች ያሉት ለዚህ ነው፦ ስኳር፣ አሲድ፣ ታኒን፣ አልኮል፣ ውፍረት። መውደድና አለመውደድ ከታች ለብቻው ተቀምጧል። ታኒኑን 5 ሰጥቶ ወይኑን መውደድ ይቻላል፤ ታኒኑን 1 ሰጥቶ መጥላትም ይቻላል። ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈ ሰው ስለ ወይኑ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው የነገረን።

ከአፍ ወደ አፍንጫ ስንሄድ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። እዚያ የተቸገርነው በቃል ማጣት ሳይሆን በብድር ቃል ነው። የውጭ አገር የወይን መግለጫ «ጥቁር ከራንት፣ ጉዝቤሪ፣ ሊቺ» ይላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጉዝቤሪ የበላ ስንት ሰው አለ? ያላሸተቱትን ሽታ መጻፍ ኩረጃ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያስተማሩት አን ኖብል በ1980ዎቹ ያወጡት የወይን ሽታ ክብ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ከመሃሉ «ፍራፍሬ» ብሎ ይጀምርና ወደ ጠርዙ ሲወጣ «ሎሚ መሰል»፣ ከዚያ «ሎሚ» እያለ ይጠብባል። «ግሩም» ወይም «ጨዋ» የሚል ቃል አታገኙበትም፤ ማሽተት የሚቻል ነገር ብቻ ነው ያለበት። ቅርጹን እንውሰድ፣ ጠርዙን ግን ከራሳችን ጓዳና ገበያ እንሙላው፦ አጋም፣ እንጆሪ፣ ፕሪም፣ ኮክ፣ ትርንጎ፣ ቴምር፣ ማር፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተቆላ ቡና፣ የወይራ ጭስ።

በስተግራ ያለው ጠረጴዛ ላይ በሳህን የተከደኑ ስድስት ብርጭቆዎች አሉ። መነሻ ሽታዎች ናቸው፤ ቤታችሁም ልታዘጋጇቸው ትችላላችሁ። በአራቱ ውስጥ ሽታው ደብዘዝ ያለ ርካሽ ወይን 50 ሚሊ ሊትር ተቀድቷል። አንደኛው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቃሪያ ቁራጭ፣ ፍሬዋ ወጥቶ፤ ሁለተኛው ውስጥ አምስት ፍሬ የተሰነጠቀ ቁንዶ በርበሬ፤ ሦስተኛው ውስጥ ሁለት የተሰነጠቀ ቴምር፤ አራተኛው ውስጥ ነጩ የተነሳለት የሎሚ ልጣጭ አለ፣ እሱ በነጭ ወይን ነው። አምስተኛው በወይራ ጭስ ታጥኖ የተከደነ ባዶ ብርጭቆ ነው። ስድስተኛው ውሃ የነካው ካርቶን ነው፤ ወደሱ እንመለሳለን። ቅምሻው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋጃል። ቃሪያዋን ከ20 ደቂቃ በኋላ አውጧት፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ እዚያው ከቆየች ወይኑን ትውጠውና ከእሷ ሌላ የሚሸት ነገር አይኖርም።

ቃሪያዋ እንዲሁ ለምሳሌ አልገባችም። ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸተው ፒራዚን የሚባል ውህድ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሶቪኞን ብላን በሚባሉት የወይን ዘሮች ውስጥም አለ። ዘለላው ፀሐይ እያገኘ ሲበስል ይቀንሳል። ስለዚህ «ቃሪያ ሸተተኝ» የምትል ቀማሽ ፍሬው ቀደም ብሎ ተለቅሟል ወይም ቅጠል አጥልቶበት ቆይቷል የሚል ፍንጭ ሰጠችን። «ይጥማል» ከሚለው ጋር አነጻጽሩት።

ቁንዶ በርበሬው ደግሞ ለዛሬው ወይን በተለይ የተመረጠ ነው። ሲራ የተባለው የወይን ዘር ሮተንዶን የሚባል ውህድ አለው፤ ቁንዶ በርበሬን ቁንዶ በርበሬ የሚያሰኘው ያው ራሱ ነው። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት አንድ የሚገርም ነገር አብሮ ተገኘ፤ ከፈተኗቸው ሰዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ውህዱ በጣም በዝቶም ፈጽሞ አይሸታቸውም። ከስምንት ወዳጆች አንዱ ወይም ሁለቱ «የምን ቁንዶ በርበሬ?» ቢሉ አፍንጫቸው አልደነዘዘም፣ አልዋሹምም። ወደ ብርጭቆ ቁጥር ሁለት ሄደው ያሽትቱ፤ እዚያም ካልሸተታቸው ጉዳዩ ተዘጋ፣ ክርክር አያስፈልግም። የወይራ ጭሱ በበርሜል የቆየውን ወይን ለመለየት ይረዳል። የኦክ በርሜል ውስጡ በእሳት ይጠበሳል፣ ጭሱም ወደ ወይኑ ይገባል። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ለምን እንደሚታጠን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። በፈረንሳይ ቦርዶ የተካሄደና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የሞሮ፣ የብሮሼና የዱቡርዲዩ ጥናት አለ። ሃምሳ አራት የወይን ሥራ ተማሪዎች አንድ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው፤ ሽታውን የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን እንዲህ ከነዳው፣ የሚከበር ሰው ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። እኛ ጋ ታላቅ ይቀድማል። መልካም ልማድ ነው፣ ቅምሻ ላይ ግን ጉዳት አለው። ጋሼ «እንጆሪ» ካሉ ጠረጴዛው በሙሉ እንጆሪ ይሆናል። ጠርሙሱን ያመጣው ሰው አጠገባችን ሲቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ይሉኝታ ምላሳችንን ይይዘዋል። ለዚህ ሲባል ጠርሙሶቹ ተሸፍነዋል፣ የቀዱትም አብረው የማይቀምሱ ሰዎች ናቸው። የአንገቱ ፎይል ተነስቷል፣ ቡሹም ተወስዷል፤ የጠርሙሱ ትከሻ ቅርጽ ብቻውን እንኳ የሚናገረው ስላለ ጋዜጣው ሰፋ ተደርጎ ነው የተጠቀለለው።

በብርጭቆዎቹ እግር ላይ 417፣ 862፣ 305፣ 759፣ 238 እና 694 ተጽፏል። «1፣ 2፣ 3» ወይም «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብንል ገና ሳይቀመስ አንደኛና መጨረሻ የወጣ ወይን ይኖር ነበር። ቀድሞ የሚቀመሰውም አድልዎ ያገኛል፤ ትኩስ ምላስ ቸር ነው። ስለዚህ በየጠረጴዛው ሁሉም ሰው ከአንድ ብርጭቆ አይጀምርም፤ መነሻችሁ ቅጻችሁ ላይ ታትሟል። 694 ግን ለሁሉም መጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ጣፋጭ... ይቅርታ፣ ስኳር ያለው ስለሆነ። ከስኳር በኋላ የተቀመሰ ደረቅ ወይን ያለጥፋቱ ይኮመጥጣል። 694ን ግለጹት እንጂ ከሌሎቹ ጋር በደረጃ አታሰልፉት።

አምስቱ ሁሉም ሲራ ናቸው። ንጽጽር አንድ ነገር አጽንቶ ሌላውን ሲለውጥ ነው ትርጉም የሚኖረው። ዘሩን አጸናን፣ ቦታውን ለወጥን፦ የዝዋይ አለ፣ ሺራዝ ተብሎ የሚሸጠው የደቡብ አፍሪካው አለ፣ የፈረንሳዩ የሮን ሸለቆም አለ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር በላይ የሚበቅለው የዝዋዩ ተክል ክረምት መጥቶ አያስተኛውም። የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው የገበሬው መቀስ ነው። የሮኑ ተክል በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ይህ ልዩነት ብርጭቆ ውስጥ ይሰማል ወይስ አይሰማም? የምሽቱ ጥያቄ ይኸው ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ጉደርና አክሱሚት አንድ ላይ ደርድሮ «የቱ ይሻላል?» ማለት ዶሮ ወጥን ከሽሮ እንደ ማወዳደር ነው።

ስለ ልኩ። በየብርጭቆው የተቀዳው 40 ሚሊ ሊትር ነው። ከአንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ውስጥ ለስምንት ሰው 320 ወጣ፣ የቀረው ለእራት ነው። ትንሽ መሰላችሁ? ስድስቱን ብትውጡ 240 ሚሊ ሊትር፣ የጠርሙስ ሲሶ ያህል ይሆናል፤ አልኮሉ 13 በመቶ ቢሆን 25 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ነው። አራተኛው ብርጭቆ ላይ ሁሉም ወይን ጥሩ መሆን ይጀምራል። የወረቀት ኩባያው ለመትፋት ነው። ማዕድ ላይ መትፋት ነውር እንደሆነ እናውቃለን፤ የቡና ቀማሾቻችን ግን በቀን ስንቱን ስኒ እየሳቡ ይተፋሉ፣ ነውረኛ ያላቸው የለም። ደግሞ ሌላም ነገር ያስተምሩናል፤ ስኒው በቁጥር ነው የሚቀርብላቸው፣ ነጥባቸውን ጽፈው እስኪጨርሱም አይነጋገሩም። የዛሬው ሥርዓት ከውጭ የመጣ የሚመስለው ካለ፣ ከጎረቤት ነው የወሰድነው። «በሞቴ፣ ጨምር!» እያሉ ብርጭቆ መሙላት ለእራቱ ይቆየን። የተሞላ ብርጭቆ አይወዛወዝም፣ ካልተወዛወዘ ሽታው አይወጣም። መኪና የሚነዳ ሰው ካለ ይትፋ ሳይሆን ቁልፉን ይስጥ።

ሚጥሚጣው የቀረው የሚያቃጥል ነገር የአልኮሉን ሙቀትና የታኒኑን ሻካራነት ስለሚያጎላ ነው። እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ከእሱ ጋር የተቀመሰ ወይን አሲዱ የጠፋ ይመስላል። ዕጣንና የሚቆላ ቡና ክፍሉን ከሞሉት የወይኑ ሽታ ተሸነፈ ማለት ነው። ሽቶ የተቀባችሁም ትኖራላችሁ፤ ዛሬ ይቅር ብለናል።

ብርጭቆም ይዋሻል። ፎጣ ይሸታል፣ ሳሙና ይሸታል፣ የተቀመጠበትን ቁም ሳጥን ይሸታል። ባዶውን አሽትቱት። ከሸተታችሁ በአንድ ማንኪያ ወይን አለቅልቁት፣ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ቤታችሁ ስታዘጋጁ የሁሉም ቅርጽ አንድ ይሁን። ብርሌ ለጠጅ የተባረከ ነው፣ አንገቱ ግን አፍንጫ አያስገባም። ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ነጩ ከ8 እስከ 12 ይሁን። ቀዩን «በክፍል ሙቀት» የሚለው ምክር ለዛሬ አዳራሽ አልተጻፈም፤ ሰው በሞላበት ክፍል 23 ዲግሪ ይደርስና ከሁሉ ቀድሞ አልኮሉ ይሸታል። 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይበቃዋል። ነጩ ከፍሪጅ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ይቆይ፤ የቀዘቀዘ ወይን አይሸትም፣ ጉድለቱም ይደበቃል።

ጉድለት ካልን፣ ስድስተኛው ብርጭቆ ውስጥ ያለው እርጥብ ካርቶን ከቡሽ ለሚመጣው ብልሽት መለማመጃ ነው። ትሪክሎሮአኒሶል የሚባለው ውህድ በሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ሆኖ የወይኑን ፍሬያማነት ይሰርቃል። ቢወዛወዝም ቢቆይም አይለቅም። አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምደው የመጀመሪያዋን ማሽተት እመኑ። የተጫረ ክብሪት ወይም እንቁላል ከሸተተ ግን አትቸኩሉ፤ አየር ያጣ ወይን ነው፣ ሩብ ሰዓት ስጡትና ተመለሱበት። ተቆርጦ የዋለ ፖም የሚሸትና ጠርዙ ቡኒ የሆነ ወይን አየር የበዛበት ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ኮምጣጤ የባክቴሪያ ሥራ ነው። መደብር መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ወይን የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል፣ ቡሹም ገፋ ብሎ አንገቱ የተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። የተበላሸ ጠርሙስ ደረጃ አይሰጠውም። እጃችሁን አንሱ፣ ትርፍ አለን። «ላለማሳፈር» ብሎ ዝም ያለ ሰው ሰባት ጓደኞቹን አሳሳተ።

ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ንግግሩ ከታናሹ ይጀምራል፣ ታላቁ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ አምስቱን ቁጥሮች፣ ቀጥሎ ሁለት ሽታ፣ አንድ ደቂቃ። መውደድ በሁለተኛው ዙር ይመጣል። ጓደኛችሁ «ጦስኝ» ስትል ተመልሳችሁ አሽታችሁ ካገኛችሁት ጻፉት፤ ያውም በተለየ ምልክት፣ የፊተኛውን ሳትሰርዙ። በራሳችሁ ያገኛችሁትና ሰምታችሁ ያገኛችሁት መለየት አለበት። ሁለተኛውም ዋጋ አለው፤ አብሮ መቅመስ የሚጠቅመው ለዚሁ ነው።

አማካይ አንወስድም። ነጥቡ ከ20 ቢሆን፣ ስምንቱም 14 ቢሰጡ አማካዩ 14 ነው፤ አራቱ 18፣ አራቱ 10 ቢሰጡም 14 ነው። የመጀመሪያው ማንንም የማያስከፋ ወይን ነው፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ የሚከፍል ነው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ሁለተኛውን ማወቅ ነው። ሜይ 24 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ባዘጋጀው የተሸፈነ ቅምሻ ፈረንሳውያን ዳኞች ከ20 ነጥብ ሰጥተው የካሊፎርኒያ ወይኖች በቀዩም በነጩም አንደኛ ወጡ፣ ዓለም ጉድ አለ። በቀዩ ግን በአንደኛውና በሁለተኛው አማካይ መካከል የነበረው ልዩነት ከአንድ ነጥብ በታች ነበር። እኛ ደረጃ እንሰጣለን፤ ከ1 እስከ 5፣ ከዚያ እንደምራለን። ስምንታችሁም አንደኛ ያላችሁት 8 ያገኛል፣ ሁላችሁም መጨረሻ ያላችሁት 40። ሁሉም ወደ 24 ከተጠጉ ጠረጴዛው አልተስማማም፤ «አሸናፊ» ብላችሁ አትጩኹ።

ቤታችሁ ስትሞክሩት አንዱን ወይን በሁለት ቁጥር አስገቡት፣ አትናገሩ። የወይን አምራቹ ሮበርት ሆጅሰን የካሊፎርኒያ ስቴት ፌር የወይን ውድድር ዳኞችን እንዲህ ፈትነዋቸዋል፤ ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ተቀድቶ የቀረበላቸውን ወይን በተቀራራቢ ደረጃ ያስቀመጡት ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ሌላው መንገድ ሦስት ብርጭቆ ነው፤ ሁለቱ አንድ ወይን፣ አንዱ ሌላ፤ ቀማሹ የተለየውን ይፈልግ። ስምንት ሰው በግምት ብቻ ቢመርጥ አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ልክ ማግኘቱ ከመቶ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይሆናል፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ሰው ግን ከመቶ ሁለት ጊዜ ብቻ። ስድስት ሰው ከለየ ልዩነት አለ በሉ። ዛሬ መንታ አስገብተን እንደሆነ ጋዜጣው ሲቀደድ ታዩታላችሁ።

እስክሪብቶ የጎደለው እጁን ያንሳ። ለአንድ ብርጭቆ 4 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 24 ደቂቃ ዝምታ ነው። መጀመሪያ ሳታወዛውዙ አሽትቱ። ከአሁን ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል።